የስኳር ሕመምና የሙያዎች ኅብረት በኩዌት

ኩዌት፦ በኩዌት ከ4 አዋቂዎች 1 ገደማ የስኳር ሕመም እንዳለበት የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን የ2021 ግምት ያመለክታል። ሕመሙ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ስለሚጎዳ ለአንድ ሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። በመዲናዋ የሚገኘው፣ በ2006 የተመሠረተው የዳስማን የስኳር ሕመም ተቋም ሐኪሙን፣ የዘረመል ተመራማሪውንና የሥነ ምግብ ባለሙያውን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። በሕክምና ክፍል የታየው ችግር ለቤተ ሙከራው ጥያቄ ይሆናል፤ የምርምሩ ውጤትም ተፈትኖ ወደ ሕመምተኛው ይመለሳል።

ኅብረቱ ከሕክምና ሙያም ይሻገራል። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የረመዳን መመሪያ የሐኪሞችን ጥናት ከግብፅ ሙፍቲ ብይን ጋር አጣምሯል። በሪቃይም ሆነ በሌላ ሰፈር የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪሙን ሊያማክር ይገባል፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ካልተስማማ የደም ስኳሩ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላልና።