አጭርና ፈጣን የመስመር አጥቂ ስንት ያወጣል?

በእረፍት ሰዓት በግቢያችን ከሚነሱት ክርክሮች የተጫዋቾች ዝውውርን የሚያህል የለም። ዘንድሮ ግን ጉዳዩ ቢሯችን ድረስ መጥቷል። «ልጃችሁን ውጭ ክለብ እናስገባዋለን» የሚሉ ሰዎች እንደሚያነጋግሯቸው የነገሩን ወላጆች አሉ። ልጆቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁመታቸው አጭር፣ ሩጫቸው ፈጣን የሆነ የመስመር አጥቂዎች ናቸው። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች ዋጋ በምን እንደሚመዘን ልናስረዳ ወደድን።

የገዳሪፍን የእህል ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ሰሊጥ በሚዛን ይሸጣል፤ ነጋዴው ግን ከሚዛኑ በፊት እፍኝ አንስቶ ንጣቱንና ንጽሕናውን ያያል። ኳስ ላይ ሲሆን ብዙ ሰው ይህን ይረሳና በቁመትና በኪሎ ይጀምራል።

ፍጥነትን በቁጥር እንየው። አንዱ በሰከንድ 8 ሜትር፣ ተከላካዩ 7.5 ሜትር ቢሮጡ፣ አጥቂው 20 ሜትር ለመጨረስ 2.5 ሰከንድ ይበቃዋል። ተከላካዩ በዚያው ጊዜ 18.75 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 1.25 ሜትር ሲሆን ኳስ ለማሻማት ወይም ለመምታት በቂ ቦታ ነው። ሆኖም መልማይ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ኳስ እግሩ ላይ ሲሆንስ ይፈጥናል? ቀና ብሎ ጓደኛውን ያያል? በ80ኛው ደቂቃም እንደ 10ኛው ይሮጣል? ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ ይከላከላል? ፍጥነት ብቻ ያለው ልጅ ሯጭ ነው፤ ለእሱ ደግሞ አትሌቲክስ አለለት።

ጎረቤታችን ግብፅ ያፈራችው መሐመድ ሳላህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ስዊዘርላንዱ ባዝል ሄደ፤ በ2014 ቼልሲ በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው፤ እዚያ ግን ብዙ አልተሰለፈም። ከጣሊያን ቆይታው በኋላ ሊቨርፑል በ2017 ሲወስደው ዋጋው ወደ 34 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመትም በሊጉ 32 ግብ አስቆጠረ። በእነዚያ ዓመታት ቁመቱ አልጨመረም። የጨመረው በሮማ ያስቆጠረውና ለግብ ያመቻቸው ኳስ ነው።

ካናዳ ዘመድ ያላችሁ በበረዶ ላይ ስለሚጫወቱት ሆኪ ሰምታችሁ ይሆናል። ግፊያ የበዛበት ጨዋታ ስለሆነ አጭር ሰው እዚያ ይናቃል። ማርቲን ሴንት ሉዊስን በወጣቶች ምርጫ ላይ የጠራው ክለብ አልነበረም፤ በ2004 ግን የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ከታምፓ ቤይ ጋር ዋንጫ አነሳ።

ዋጋን ከችሎታ በላይ የሚያወጣውና የሚያወርደው ግን ውል ነው። ሦስት ዓመት የቀረውን ተጫዋች የሚፈልግ ክለብ ከባለቤቱ ክለብ ጋር መደራደር አለበት። ስድስት ወር ብቻ ከቀረው ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር አስቀድሞ ሊፈራረም ይችላል፤ ውሉ ሲያልቅ በነፃ ይሄዳል። ስለዚህ በነፃ የሄደ ሁሉ ርካሽ ተጫዋች ነው ማለት አይደለም። ጤናም አለ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ፤ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስም ተዛወረ። በዚያ ግን ጉዳት ከሜዳ አራቀው። በፍጥነቱ የሚኖር አጥቂ ጉልበቱ ወይም የጭኑ ጡንቻ ሲጎዳ ከሌላው ይበልጥ ይከስራል።

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ እንምጣ። በፊፋ ደንብ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር መዛወር አይፈቀድለትም። ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ የሚፈቀደውን የመሰሉ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። የዝውውር ክፍያ ከገዢው ክለብ ወደ ሻጩ ክለብ የሚሄድ ነው እንጂ ከቤተሰብ ኪስ አይወጣም። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅን በመተማም ሆነ በሊቢያ በኩል ለማሻገር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ወኪል ነኝ ካለ የፊፋ ፈቃዱን እንዲያሳይ ጠይቁት።

አሳዳጊ ክለቦችም ድርሻ አላቸው። በአገሮች መካከል ከሚደረግ ዝውውር ክፍያ 5 በመቶው ተጫዋቹ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ለተመዘገበባቸው ክለቦች ይከፋፈላል። በ1 ሚሊዮን ዶላር ዝውውር ይህ 50,000 ዶላር ነው፤ ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 2,500፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 5,000 ይደርሳል። (የሒሳብ መምህራን በመቶኛ ትምህርት ላይ ቢጠቀሙበት ደስ ይለናል።) ይህ የሚሆነው ግን ምዝገባው በሰነድ ሲረጋገጥ ነው። ልጃችሁ በከተማው ቡድን የሚጫወት ከሆነ የልደት ማስረጃውንና የተመዘገበበትን ወረቀት ቅጂ አስቀሩ፤ አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ማኅደር እንዲቀመጥ የምትፈልጉ ወደ ጽሕፈት ቤታችን አምጡ።