የልብ ልኬትና የለኪው ኃላፊነት



እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ብዙ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱት ከዚህ ከቦሌ ተነሥተው ነበር። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ሕፃናትን በዚህ መንገድ ልኳል። ሕሙማኑ ብዙ፣ ዕድሉ ግን ጥቂት ነበርና የትኛው ሕፃን ይቅደም የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻ ነበር። መልሱ ከሚመሠረትባቸው ነገሮች አንዱ ልኬት ነው። የዛሬው ንግግሬም ስለ ልኬቱና ስለ ለኪው ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ባለሙያ የልብ ፊዚዮሎጂስት ይባላል። በእኛ ሆስፒታሎች ተግባሩ በአብዛኛው በሐኪሞችና በነርሶች መካከል ተከፋፍሎ ይገኛል።

የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል የሚያስነሣው ኃይል በስሕተት የራሱን የልብ ቫልቮች ያቆስላል። ቁስሉ ሲደጋገም ሚትራል የተባለው ቫልቭ ይጠባል፣ ወይም በሚገባ መዘጋት ይሳነዋል።

ቫልቩ ሲጠብ በእርሱ የሚያልፈው ደም ይፈጥናል። የኢኮ መሣሪያ ፍጥነቱን በድምፅ ሞገድ ይለካል፤ የፍጥነቱ ካሬ በ4 ሲባዛም የግፊት ልዩነቱ ይገኛል። ደሙ በሰከንድ 2 ሜትር ቢፈስ ልዩነቱ 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ይሁንና የድምፅ ሞገዱ ከደሙ አቅጣጫ በ60 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ መሣሪያው 1 ሜትር ብቻ ያነባል፤ ስሌቱም 4 ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ ማለት ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰውም ስሕተቱን አያውቀውም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ሕፃን ሲፈራና ሲያለቅስ ልቡ ይፈጥናል፤ ደም በሚትራል ቫልቭ የሚያልፍበት ጊዜም ያጥራል፤ ስለዚህ የግፊት ልዩነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ሕፃኑን ማባበል፣ እናቱን አጠገቡ ማስቀመጥና እስኪረጋጋ መጠበቅ እንግዲህ የልኬቱ አካል ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ከግፊቱ ጎን የልብ ምቱን ቁጥር ይጽፋል።

የኢሲጂ ምርመራም እንዲሁ ነው። የቀኝና የግራ ክንድ ገመዶች ቢቀያየሩ የመጀመሪያው መስመር ይገለበጣል፤ ልቡ በደረት ቀኝ በኩል ያለ ያስመስላል። የደረቱ መስመሮች እንደ ወትሮው ከሆኑ ግን ባለሙያው ከታማሚው ልብ አስቀድሞ ገመዶቹን ይጠራጠራል፤ አስተካክሎም ዳግመኛ ያነሣል።

የእነዚህ ስሕተቶች ዋጋ የሚከፈለው ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ነው። ሕመሙ ተቃልሎ የተመዘገበለት ሕፃን የቀዶ ሕክምና ተራው ሊያልፈው ይችላል። ጤናማ ሳለ ታማሚ ነው የተባለውም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያለ ጥቅም ለዓመታት ሊወጋ ይችላል፤ ወላጆቹም በሥጋት ይኖራሉ።

የልብ ልኬት ራሱን የቻለ ትምህርትና የሙያ ስም ይገባዋል የምለው ስለዚህ ነው። ለኪው የሚያስረክበው ቁጥር የሌላው ሐኪም ውሳኔ መነሻ ነውና፣ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ የሚጠየቅና የሚመልስ ባለሙያ ያስፈልገናል።