ኮዱ ቀን ሠራ፤ ሌሊት ወደቀ፦ ምን ነካው?

እስቲ አስቡት። ቤቴል፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ለጤና ጣቢያ የልደት መመዝገቢያ ሶፍትዌር እየሠራችሁ ነው። ቀን ላይ ቴስቶቹ ሁሉ አልፈዋል። ከሌሊቱ 7:30 ላይ ያንኑ ኮድ አንዲት ፊደል ሳትነኩ ስታስኬዱት አንዱ ቴስት ወደቀ። ሰርቨሩ ላይ ግን ያልፋል። ምን ነካው?

ቴስት ማለት ኮዳችን የሚጠበቅበትን መሥራቱን የሚያጣራ ሌላ ትንሽ ኮድ ነው። ይሄኛው የሚጠይቀው «አሁን የተመዘገበ ሕፃን የልደት ቀኑ ዛሬ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጣጣው ያለው «ዛሬ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ኮምፒውተር ደግሞ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ላፕቶፓችሁ «ማክሰኞ» ሲል ዩቲሲ ገና «ሰኞ» ላይ ነው። ኮዱ ቀኑን በዩቲሲ ይጽፋል፣ ቴስቱ ከላፕቶፑ ቀን ጋር ያስተያያል፤ አይገናኙም! ሰርቨሩ ላይ ሁለቱም ዩቲሲ ስለሆኑ ስህተቱ ተደብቆ ይኖራል።

አንዱ መንገድ ማሽኑን ማስተካከል ነው። በሊኑክስና በማክ፣ ቴስቱን ስታስነሱ «ቲዜድ» የሚባለውን ቅንብር ዩቲሲ ካደረጋችሁት፣ ላፕቶፓችሁ ለዚያ ቴስት ብቻ እንደ ሰርቨሩ ይቆጥራል። እንዲህ ያለውን የግል ቅንብር፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃልንም ጭምር፣ ጊት በማይከታተለው ፋይል አስቀምጡ። የጋራውን ፋይል ለራሳችሁ ብላችሁ ከቀየራችሁት የጓደኛችሁ ማሽን ላይ ይበላሻል።

ግን ቆይ! እዚህ ላይ ትክክሉ ላፕቶፑ አይደል እንዴ? ቴስቱን ዝም ካሰኘነው፣ ማክሰኞ ሌሊት 7:30 የተወለደች ሕፃን ሰኞ ተወለደች ተብላ ትመዘገባለች። ስለዚህ መታረም ያለበት ኮዱ ነው፦ ቀኑን ሲያሰላ የአዲስ አበባን ሰዓት በስሙ ጠርቶ ይጠቀም። ቴስቱም የማሽኑን ሰዓት ከማየት ይልቅ ሁልጊዜ «አሁን በአዲስ አበባ ሌሊት 7:30 ነው» ብሎ ይነሳ። ያኔ ቤቴልም ይሁን ሌላ አገር፣ ቀንም ይሁን ሌሊት መልሱ አንድ ይሆናል።

ቴስት ሲወድቅባችሁ ቅንብር ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ የተለየው የእኔ ማሽን ነው ወይስ የተሳሳተው ኮዱ?