ጦሳን በጣውላ ላይ መቅረጽ

ደሴ ውስጥ ካለው ሆጤ ወደ ምዕራብ ላየ ሰው የጦሳ ተራራ ተገትሮ ይታየዋል። ወደ ምሥራቅ ዞር ሲል አዝዋ ገደል አለ። ደሴ በሁለቱ መካከል ጎድጎድ ብላ ተቀምጣለች። ይህን ጎድጓዳ የቦርከና ወንዝ ብቻውን አልቦረቦረውም፤ የአፋር ስምጥ እየሰፋ ሲሄድ ዳርቻው ላይ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ መሐሉም ወደ ታች ሰመጠ።

ይህን ታሪክ ለዓይን ለማስረዳት ከእንጨት ቅርጽ ኅትመት የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ሠዓሊው ጣውላውን በመሮ ይቀርጻል፣ ሳይቀረጽ የቀረውን ገጽ በሮለር ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ጭኖ ያትማል። ቀለሞቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ አንዱ በሌላው ላይ በተራ ይደረባል፤ ቀድሞ የታተመው ከታች ይሆናል። የጂኦሎጂ ባለሙያም የድንጋይ ንብርብርን ዕድሜ የሚያነበው በዚሁ ሕግ ነው።

የወሎ ተራሮች የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ እየፈሰሰ በተደራረበ ባሳልት ነው። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጣው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ የታችኛውን ንብርብር በአሸንጌ ሐይቅ፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠራው፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም የአገሩን የጂኦሎጂ ካርታ አወጣ። መቅደላ ሲነሳ የቴዎድሮስ ሞትና የተዘረፈው ቅርስ ይታወሰናል። ስሙ የድንጋይ ስም ሆኖ መቅረቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ለወሎ ልጆች ሊነገር ይገባል።

ወደ ጣውላው እንመለስ። ንብርብሮቹን እንደ አግድም መስመሮች ቀርጾ ጣውላውን በቀጭን መጋዝ በሁለት ቦታ ሰያፍ መቁረጥ፤ ከዚያ መሐለኛውን ቁራጭ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ማተም። መስመሮቹ ሁለት ቦታ ላይ ተቋርጠው ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ሰው ሳይነግረው ተመልካቹ ንብርብሩ እንደቀደመ፣ ስንጥቁ በኋላ እንደመጣ ያያል። ኅትመት ግራና ቀኝን ስለሚያገላብጥ፣ በወረቀቱ ላይ ምዕራብ በግራ እንዲሆን ጦሳ ጣውላው ላይ በቀኝ መቀረጽ አለበት፤ አለዚያ በወረቀቱ ላይ ከአዝዋ ጋር ቦታ ይለዋወጣል።

የሚያስቸግረው ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሜዳ ላይ ወንዞች ያመጡት ደለል ተኝቷል። የጂኦሎጂ ካርታ እንዲህ ያለውን አፈር አብዛኛውን ጊዜ በፈዛዛ ቢጫ ይቀባዋል። ደለሉ ከሁሉም ታናሽ ስለሆነ መታተም ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ በጥቁሩ ባሳልት ላይ ግን ፈዛዛ ቀለም ይዋጣል። ስለዚህ ለብቻው ትንሽ ጣውላ ይቀረጽለታል፣ ቢጫውም ነጭ ተጨምሮበት ወፈር ብሎ ይበጠበጣል።