በውሾች ላይ የሚመላለስ የቆዳ ልክፈትና ከሥሩ ያለው አለርጂ

ወደ እንስሳት ክሊኒክ ከሚመጡ ውሾች መካከል ሐኪምንም ባለቤትንም እጅግ የሚያታክቱት ቆዳቸው ታክሞ የዳነ መስሎ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና የሚቆስልባቸው ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በአዲስ አበባ አንድ ግቢ የሚጠብቅ የአራት ዓመት ወንድ ውሻ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ተወግቷል። በእያንዳንዱ ጊዜ መግሉ ይደርቃል፣ ፀጉሩም መብቀል ይጀምራል፤ ከዚያ ማከኩ ይመለሳል። ባለቤቱ በስድስተኛው ጊዜ ይዘውት ሲመጡ የጠየቁት ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ውሻው በመርፌ እንዲገደልላቸው ነበር።

በውሻ ቆዳ ላይ መግል የሚያስይዘው ዋነኛ ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ሱዶኢንተርሜዲየስ ይባላል። ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ቀደም ሲል ስታፊሎኮከስ ኢንተርሜዲየስ ከተባለው ዘመዱ ጋር አንድ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ለጉዳያችን የሚበልጠው ግን ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ውሾች አፍ፣ አፍንጫና ፊንጢጣ ዙሪያ ጉዳት ሳያደርስ የሚኖር መሆኑ ነው። ውሻው ሌት ተቀን ሲያክክ፣ ሲልስና ራሱን ሲነክስ ቆዳው ይላጣል፣ ይረጥባልም፤ ባክቴሪያውም የሚራባው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ልክፈቱ ሲመላለስ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ሳይሆን «ውሻው መጀመሪያ ለምን አከከ?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ያ መርፌ አምስት ጊዜ የሠራ የመሰለው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከፀረ ባክቴሪያው ጋር ዴክሳሜታዞን አብሮ ይሰጥ ነበር። ይህ ስቴሮይድ መንስኤውን ሳይነካ የአለርጂን ማከክ ለቀናት ያበርዳል፤ ባለቤቱ ግን ምስጋናውን ለፀረ ባክቴሪያው ይሰጣሉ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ያንኑ ይጠይቃሉ። የዚህ ድግግሞሽ ዋጋ ቀላል አይደለም። ሜቲሲሊንን የተላመደው የዚህ ባክቴሪያ ዘር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የእንስሳት ክሊኒኮች ተዛምቷል። እንዲህ ያለው ዘር በፔኒሲሊንና በሴፋሌክሲን አይበገርም፤ ብዙውን ጊዜ ሌሎች ወገኖችንም ይቋቋማል።

የምርመራው ቅደም ተከተል ከርካሹና ከፈጣኑ መጀመር አለበት። ከቁስሉ ላይ በመስታወት ስላይድ የተወሰደ ናሙና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያ ነው ወይስ ማላሴዚያ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚለውን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል። ቆዳው ደም ጠብ እስኪል ተፍቆ ሲመረመር በፀጉር ሥር የሚኖረው ዴሞዴክስ ይገኛል። የእከኩ ሳርኮፕቴስ ግን ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የውሻው የጆሮ ጠርዝና ክርን ቅርፊት ካበጀ፣ የቤቱም ሰዎች ካሳከካቸው ምርመራው «የለም» ቢልም ማከም ይገባል።

በእኛ ውሻ ላይ ባክቴሪያው ታየ፤ የእከክ ተባይ አልተገኘም። በዚህ መካከል ባለቤቱ አንድ ነገር ነገሩኝ፦ «በዐቢይ ጾም ይሻለዋል፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ይብስበታል»። እውነት ለመናገር መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ቤተሰቡ ሲጾም የውሻው ትራፊ ሥጋና ወተት የሌለበት ይሆናል፤ በምግብ አለርጂ በተያዙ ውሾች ላይ ደግሞ በብዛት ተጠያቂ ሆነው የተመዘገቡት የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። የጾሙ ርዝመት 55 ቀን ነው። ለምግብ አለርጂ የሚደረገው የሙከራ አመጋገብም 8 ሳምንት፣ ማለትም 56 ቀን፣ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የምግብ አለርጂ ያለባቸው ውሾች ይሻላቸዋል።

ይሁን እንጂ ጾም የሙከራ አመጋገብ አይደለም። የግቢ ውሻ ከጎረቤት የሚወረወርለትን አይንቅም። የጾም ወጥ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራል። ትክክለኛው ሙከራ ውሻው ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቀውን፣ ለምሳሌ ዓሣና ድንች ያለ ቅመምና ያለ ሽንኩርት ቀቅሎ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ መስጠት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጾሙ የሚውለው በበጋው ማብቂያ ነው። የቁንጫ ዕጭ በደረቅ አየር ይሞታል፤ ዝናቡ ሲመጣ ይበረክታል።

ወደ ውሻው ስመለስ ቁስሉ ያለው በወገቡና በጭራው መነሻ ላይ ነበር፤ ይህ የቁንጫ አለርጂ የታወቀ ቦታ ነው። ባለቤቱ «ቁንጫ የለበትም» ብለው ነበር፣ እኔም አንድ እንኳ አላገኘሁም። ነገር ግን አለርጂ ያለበት ውሻ ቁንጫውን እየላሰ ይውጠዋል፤ ለማከኩም ጥቂት ንክሻ ይበቃል። ከፀጉሩ ውስጥ በማበጠሪያ የወጣውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ስናደርገው ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆነ። ብናኙ ቁንጫው የመጠጠውን ደም የያዘ ኩስ ነበር።

ሕክምናው የሁለት ነገሮች ጥምር ሆነ። ለባክቴሪያው ክሎርሄክሲዲን ባለው ሻምፑ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አረፋውን 10 ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ፤ ልክፈቱ ከላይኛው የቆዳ ክፍል ስላላለፈ ሌላ መርፌ አላስፈለገም። ለቁንጫው አፎክሶላነር የተባለ እንክብል በየወሩ፤ በቆዳ ላይ የሚንጠባጠበውን ያልመረጥነው እጥበቱ ኃይሉን ስለሚቀንሰው ነው። የሚጥል በሽታ ለታየበት ውሻ ግን ይህ እንክብል በጥንቃቄ ይታያል። ውሻው ላይ ያሉት ጎልማሳ ቁንጫዎች ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በእንቁላል፣ በዕጭና በሙሽሬ ደረጃ በአቧራውና በመኝታው ውስጥ ናቸው፤ ሙሽሬውም ለወራት መጠበቅ ይችላል። ስለዚህ የሚተኛበት ጆንያ ተቃጠለ፣ ቤቱ በየሳምንቱ ተጠረገ፣ የግቢዋ ድመትም ለድመት በተሠራ መድኃኒት ታከመች። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን እንደሚገድል ለባለቤቱ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማከኩ ባይተው ኖሮ የዓሣና ድንቹን ሙከራ እንጀምር ነበር፤ እርሱም ባይረዳ የሚቀረው አቶፒክ ደርማታይተስ፣ ማለትም ለአቧራ ተባይና ለአበባ ብናኝ የሚነሣው አለርጂ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ የሚታወቀውም ሌላውን ሁሉ በማስወገድ እንጂ በአንድ የደም ምርመራ አይደለም።

የእኛ ውሻ እዚያ አልደረሰም። በሦስተኛው ወር ወገቡ ፀጉር ሸፈነው። በቀጣዩ ፋሲካ የበግና የበሬ ትራፊ እንደ ልቡ በላ፤ ቆዳው አልተለወጠም። በሐምሌ የአንድ ወር እንክብል ሲዘለል ግን በጭራው መነሻ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል ተመልሶ ወጣ፣ እርጥቡም ወረቀት እንደገና ቀላ።