«አጥፍተነዋል» ሲሉን በምን እንመን? ብሎክቼይን እና የሰነድ አወጋገድ

ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ስትገዙ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግታችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዴ የፈተና ወረቀት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ስምና ፊርማ ያለበት የቢሮ ደብዳቤ። ቢሮው ግን ያ ወረቀት «ተወግዷል» ብሎ ነው የሚያስበው። ዛሬ የምናየው ይህችን ቃል ነው። አንድ ድርጅት የእናንተን መረጃ አጠፋሁ ሲል እውነት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ብሎክቼይንስ እዚህ ላይ ምን ይረዳል?

በጨረታ የተሸጠው መረጃ

ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የፋይናንስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የመረጃ ማዕከሎቹን ዘጋ። ሰርቨሮቹንና ሃርድ ዲስኮቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው መረጃ የማጥፋት ልምድ የሌለውን የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር። ዕቃዎቹ ለሌላ ወገን ተሸጡ። አንዳንዶቹም የደንበኞች መረጃ ሳይጠፋባቸው ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ ቀረቡ። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ድርጅቱ የ15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን መረጃ በአግባቡ አልጠበቀም አለ፤ ድርጅቱም በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም፤ ኮሚሽኑ እንዳለው አብዛኞቹ ዕቃዎች አልተመለሱም።

ልብ በሉ፣ ፋይልን «ዲሊት» ማድረግ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚሰርዘው ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁመውን ማውጫ ነው። ውስጡ ያለው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ በደንብ የሚሠሩ ድርጅቶች ዲስኩን ይፈጩታል፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ሌላ ነገር ይጽፉበታል። ከዚያም አስወጋጁ ድርጅት የትኛው ዲስክ፣ መቼና በምን ዘዴ እንደጠፋ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥያቄ ቢነሳ፣ ያ ወረቀት ያኔ የተጻፈ ነው ወይስ ትናንት ማታ?

ሀሽ እና ሰንሰለቱ

ሀሽ የአንድ ፋይል ዲጂታል አሻራ ነው። ታዋቂው ዘዴ፣ ሻ-256፣ የፈለጋችሁትን ፋይል፣ አንድ ገጽም ይሁን የሦስት ሰዓት ፊልም፣ ወስዶ ሁልጊዜ በ64 ፊደላትና ቁጥሮች የሚጻፍ ውጤት ይሰጣል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀይሩ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ከአሻራው ተነስቶ ፋይሉን መልሶ መሥራት ደግሞ አይቻልም።

አሁን የማጥፋት መዝገብ እንያዝ እንበል። እያንዳንዱ አዲስ መዝገብ የቀደመውን መዝገብ ሀሽ በውስጡ ይይዛል። አንድ ሰው የዛሬ ሦስት ዓመቱን መዝገብ ቢነካካ የዚያ ሀሽ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ አልገጥም ይላሉ። ሰንሰለት የሚባለው ለዚህ ነው።

እሺ፣ መዝገቡን የያዘው ሰው ራሱ ሁሉንም እንደገና ቢያሰላውስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ቅጂው በብዙ እጅ እንዲሆን ማድረግ ነው። ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 ዲጂታል ሰነድን ጊዜ የሚያትም ዘዴ አሳተሙ። በኋላም ሹሪቲ የተባለው ኩባንያቸው ከ1995 ጀምሮ የሰንሰለቱን ሀሽ በየሳምንቱ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ በትንንሽ ማስታወቂያዎች መሀል ያወጣ ነበር። ማጭበርበር የፈለገ ሰው የታተመውን ጋዜጣ ሁሉ ከየቤቱ መሰብሰብ ነበረበት! ሳቶሺ ናካሞቶ በ2008 ቢትኮይንን ያስተዋወቀበት ጽሑፍም የእነዚህን ሰዎች ሥራ ይጠቅሳል።

በተግባር እንዴት ይሠራል?

አንድ ባንክ 500 ሃርድ ዲስክ ሊያስወግድ ነው እንበል። ዲስኮቹ ከግቢ ከመውጣታቸው በፊት መለያ ቁጥራቸው ይመዘገባል፣ ባንኩም በዲጂታል ፊርማ ያስረክባል። ሾፌሩ 500 ተረከብኩ ብሎ ይፈርማል። የሚፈጨው ድርጅት እያንዳንዱን ቁጥር ስካን አድርጎ ይፈርማል። የደረሰው 497 ከሆነ ጉድለቱ በዚያው ቀን፣ በማን እጅ እንደተፈጠረ ጭምር ይታያል።

ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው ሀሹ ብቻ ነው፤ የሰዎች መረጃ አይወጣም። ምክንያቱም ብሎክቼይን የተሠራው እንዳይፋቅ ነው። ለማጥፋት የፈለጋችሁትን ነገር እዚያ ላይ መጻፍ ቀልድ ይሆናል።

እዚህም ግን አንድ ወጥመድ አለ። የስልክ ቁጥራችሁን በቀጥታ ሀሽ ብታደርጉት አልተደበቀም። በ09 የሚጀምር ቁጥር ቢበዛ 100 ሚሊዮን ነው። ተራ ላፕቶፕ ሁሉንም በደቂቃዎች ውስጥ ሀሽ አድርጎ ከእናንተ ጋር የሚገጥመውን ያገኘዋል። ስለዚህ ሀሽ ከመደረጉ በፊት ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ይጨመርበታል፤ ይህ ቁጥር በሚስጥር ይያዛል፣ በመጨረሻም አብሮ ይጠፋል።

ሰንሰለቱ የማያየው ነገር

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። ሠራተኛው የዲስኩን ቁጥር ስካን አድርጎ ዲስኩን ቦርሳው ውስጥ ቢከትስ? ብሎክቼይኑ «ተፈጭቷል» የሚለውን ውሸት በታማኝነት ለዘላለም ይጠብቀዋል። የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ ዓይን የለውም።

ከዚህም ጠለቅ ያለ ችግር አለ። አንድ ፋይል እንዳላችሁ ማረጋገጥ ቀላል ነው፣ ታሳያላችሁ። እንደሌላችሁ ማረጋገጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የትም ቦታ ቅጂ እንዳልቀረ በሒሳብ ሊያረጋግጥ የሚችል ሶፍትዌር የለም።

ስለዚህ ሰንሰለቱ አጋዥ ያስፈልገዋል። ሲፈጭ ቆሞ የሚያይ ሌላ ወገን፣ የገባውንና የወጣውን የሚያመሳክር ሚዛን፣ ከየጭነቱ በዕጣ ተመርጦ የሚመረመር ዲስክ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መረጃውን ኢንክሪፕት ማድረግ ነው። ያኔ ቁልፉ ከጠፋ ዲስኩ ቢሰረቅ እንኳ የሚገኘው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። አንዲት ትንሽ ቁልፍ ጠብቆ ማጥፋት ደግሞ 500 ዲስክ ከመከታተል ይቀላል።

ታዲያ ብሎክቼይኑ ምን ጠቀመ? መጥፋቱን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ማን፣ መቼ «አጠፋሁ» ብሎ እንደፈረመና ቃሉ በኋላ እንዳልተቀየረ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለማስተባበል የማይመች ውሸት የሚዋሽ ሰው ጥቂት ነው። ባንኩ፣ አስወጋጁና ተቆጣጣሪው አካል የየራሳቸው ቅጂ ካላቸው ደግሞ ተራ የሀሽ ሰንሰለት ራሱ ሊበቃ ይችላል፤ የግድ ውድና ግዙፍ ኔትወርክ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። አንድ ድርጅት «መረጃችሁን በብሎክቼይን አረጋግጠን አጥፍተናል» ቢላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሲጠፋ ቆሞ ያየው ማን ነው?