ከዳክዬው በፊት ውሃው

የባሕር ዳክዬ ለማደን ወደማያውቁት ጠረፍ መሄድ የሚፈልጉ ሰዎች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ወፉ ነው፦ በብዛት አለ ወይ? መቼ ይመጣል? ስንት መምታት ይፈቀዳል? እኔ ደግሞ መልሼ ስለ ውሃው እጠይቃቸዋለሁ። ሥራዬ በአሜሪካዋ ሜሪላንድ፣ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ አዳኞችን በጀልባ ማውጣት ነው። ብርዱ ሲገባ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜይን የሚዘልቁም ስላሉ ዕቅዳቸውን አብሬያቸው እሠራለሁ። ስኮተር የሚባለው ዳክዬና ባለ ረጅም ጭራው ዳክዬ በሁለቱም ቦታ አሉ፤ ውሃው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

በቼሳፒክ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከ1 ሜትር በታች ነው። በሜይን ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ኢስትፖርት ላይ፣ በአማካይ ከ5 ሜትር ተኩል ያልፋል። ጣናም ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ግን ወራት ይፈጅበታል። ኢስትፖርት ላይ ግን ሁሉም የሚያልቀው 6 ሰዓት ያህል በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ ነው። አይደር የሚባለው ትልቁ ዳክዬ ቋጥኝ ላይ የሚለጠፉትን ዛጎሎች ከነቅርፊታቸው እየዋጠ ስለሚኖር፣ አዳኙም ባሕሩ ሲጎድል ብቅ የሚለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ውሃው ሲመለስ ያ ቋጥኝ ይሰጥማል። ስለዚህ ከደንበኞቼ ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ የምንጽፈው የመውጫውን ሳይሆን ከቋጥኙ የመነሻውን ሰዓት ነው። የሙላቱና የጉድለቱ ሠንጠረዥ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ለየጠረፉ ያወጣዋል።

ነፋሱ ግን ሠንጠረዥ የለውም። የሚጎድለው ውሃ ወደ ውጭ ሲፈስ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመው፣ ጠዋት ጸጥ ያለው መተላለፊያ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያነሣል፤ ትንሽ ጀልባ አይችለውም። ለዚህ ነው ለሁለት ቀን አደን የአራት ቀን አልጋ ያዙ የምለው። ብዙዎች ወጪው ይከብዳቸዋል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ትርፍ ቀን የሌለው ሰው መውጣት በማይገባው ቀን ይወጣል።

ስለ ቅዝቃዜው በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጎርደን ጊስብሬክት የሚያስተምሩትን ለሁሉም እነግራለሁ። እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩን እንደ ልብ ለማዘዝ 10 ደቂቃ ያህል፣ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጣት አይታዘዝምና የሕይወት አድን ጃኬት ወደብ ላይ ይለበሳል እንጂ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ፈቃዱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ብቻ አምና የያዛችሁትን ወረቀት አትመኑ። የግዛቱ ፈቃድ፣ ዕድሜው 16 ለሞላ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር፣ እንዲሁም እርሳስ የሌለበት ጥይት ያስፈልጋል፤ የእርሳስ ጥይት ለውሃ ወፍ አደን በመላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ቁጥር በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል። ሃርለኩዊን የሚባለውን ዳክዬ በአትላንቲክ ጠረፍ መምታት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ መለየት ያቃታችሁን ወፍ አሳልፉት።

ቁጥሩ በተፈቀደበትም እኔ እጄን እሰበስባለሁ። የአይደር ሴት እንቁላል መጣል የምትጀምረው ሁለትና ሦስት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው፤ ከጫጩቶቿም የሚተርፉት ጥቂት ናቸው። አንዲት ያደገች ሴት ስትሞት የሚጎድለው ቶሎ አይተካም። የቆሰለ የባሕር ዳክዬ ደግሞ ጠልቆ ርቆ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ቅርብ ሲመጣ፣ ወንዱን ለይታችሁ ተኩሱ።

አንድ ልመና አለኝ። ከየት እንደምትነሡ፣ የትኛው ቋጥኝ ላይ እንደምትውሉ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱና ከዘገያችሁ ለማን እንደሚደወል ጽፋችሁ የብስ ላይ ለሚቀር ሰው ስጡ። ወረቀቱን ሳትሰጡ ከወደብ አትውጡ።